ሽማግሌ ብረት

በቤርሳቤህ ዳር፣ ከፋብሪካዎቹ አጥር ኋላ፣
አንዲት ክፍል አለች፣ መስኮቷ የሚያይ ወደ ቆላ፤
ነጭ ካፖርት ደርቤ፣ የሌሊት ተረኛ ነኝ፣
የአንድ ሣጥን ውኃ አረፋ፣ ሲንተከተክ የሚያነጋኝ።

ሣጥኑ ብርጭቆ ነው፤ የፖታሽ ውኃ ይዟል፣
እንደ ሳሙና የሚያሟልጭ፤ ከመካከሉ ቆሟል
ጥፍር የሚያህል ኒኬል፣ እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ፣
ብረት በስሱ የለበሰ፣ ሽቦ ከአናቱ የተነሳ።

ማታ ከቤት ስወጣ፣ አባዬ ጠየቀኝ፦
«ልጄ፣ ሥራሽ ምንድን ነው?» በአማርኛ ቸገረኝ።
በዕብራይስጥ ቢሆን፣ ቃሉ ከአፌ ይሮጣል፤
በአባቴ ቋንቋ ግን፣ ካታሊስት ምን ይባላል?

«ውኃ ጋብቻ ነው» አልኩት፤ «ኦክስጅን አንዱ ባል፣
ሃይድሮጅን ሁለት ሚስት።» «እንደ ያዕቆብ በያ!» ብሎ ይስቃል።
«ላፋታቸው ላለ ሰው፣ ሕግ የቆረጠው ዋጋ አለ፣
አንድ ነጥብ ሁለት ሦስት ቮልት፤ ከዚያ በታች ማን ቻለ?
ግን በሕጉ ዋጋ ብቻ፣ በሩ ንቅንቅ አይልም፣
ትርፍ ቮልት ይጠይቃል።»
                    «ጉቦ ነዋ!»
                              «ሌላ ስም የለኝም።»
«አብርሃምስ» አለ፣ «ስለ ጉድጓድ ጠብ እዚሁ መጥቶ
መቼ ውኃ ነካ፣ ሰባት ጠቦት ሳይሰጥ አውጥቶ?»

«ይህ ብረት መሐል ገብቶ፣ ሁሉንም እየዳሰሰ፣
እጅ ከእጅ ሲያላቅቅ፣ ጉቦው ስንት አነሰ!
ሃይድሮጅኑ ይሄዳል፣ ለማዳበሪያ፣ ለብረት ማቅለጫ፣
ጢስ የሌለው ማገዶ፣ ለጭነት መኪና መሮጫ።»
«ብረቱስ?»
«እሱማ አይበላም፣ ከማንም ድርሻ አይወስድም፣
እንደ ገባ ይወጣል፤ መጽሐፉ እንዲህ ይላል፣ አይለወጥም።»

አባዬ ዝም አለ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በዚህ ሰፈር፣ ፎቅ ለፎቅ፣
በሊፍት፣ ሊፍት ሲሞት በደረጃ፣ ባልና ሚስት ሲያስታርቅ
አባ ይርጋው ይጠሩ! ሲባል የኖረ ሰው ነው።
«እኔ ላጣብቅ ስለፋ፣ አንቺ በደሞዝ ታፋቻለሽ!»
ሳቁ ግን መንገድ ላይ ቀረ። «አይለወጥም ያለሽን
                    መጽሐፍ፣ ታምኛለሽ?»

ዛሬ ሺኛው ሰዓት ነው። አረፋው ሳስቷል፣
ቮልቱ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ነጥብ በነጥብ ወጥቷል።
ሌቭ፣ የቀኑ ተረኛ፣ «ደህና ነው» ብሎ ጽፏል።
ማብሪያውን አጠፋሁ፤ ኒኬሉን በወረንጦ አወጣሁ፣
በተጣራ ውኃ አጥቤ፣ ከማይክሮስኮፑ ሥር አየሁ።
ጠርዙ ተበልቷል። የለበሰው ብረት፣ በስውር ሟምቶ፣
ወደ ፖታሹ ሄዷል፣ ዱካውን እንኳ አጥፍቶ።

ያኔ ትዝ አሉኝ፣ የስድስተኛው ፎቅ ጎረቤቶች፣
ዝማምና ባሏ፣ አባዬ ሦስቴ ያስታረቃቸው ሰዎች።
ሦስቴ «ለልጆቹ ሲባል» ብሎ፣ አስምሎ፣ አስታርቆ፤
በአራተኛው አልተጠራም።
አምቡላንስ ነው የመጣው፣ ግቢውን በቀይ መብራት አጥለቅልቆ።
ከዚያ ወዲህ ደህና ነው፤ ምኩራብ ይሄዳል፣ ሰላም ይላል፤
ሸሚዙ ብቻ ነው አንገቱ ላይ የሰፋው፤ ማን ልብ ይለዋል?

መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ ሺህ ሰዓት፤ ብረት ጎድሏል።
ሌቭ ሲገባ አነበበና፣ «ውኃው ላይ ትንሽ ብረት ጨምሪ» አለ፣
                    «አንዳንዴ፣ መልሶ ይለብሳል።»

ከአውቶቡስ ፌርማታው ደወልኩለት፣ ጎህ ሲቀድ።
«አባዬ፣ መጽሐፉ ተሳስቷል፤ ብረቱ ጎድሎ ተገኘ።»
«ስንት?»
          «ከመቶ ዐሥራ አንድ።»
ጥቂት ቆየ። ከጀርባው፣ የሊፍቱ በር ሲከፈት ሰማሁ።
«እሱስ ጥቂት ነው» አለ።
ወደ ቤቴ የሚሄደውን አሳልፌ፣ የእሱን አውቶቡስ ጠበቅሁ።